የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮችን ዘላቂነት እንዴት እንመዝን?

በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ከየካቲት 12 ቀን ጀምሮ በፌስቡክ የሚተላለፍ የቀጥታ ሥርጭት በገጹ ላይ የሚቆየው ለ30 ቀናት ብቻ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተላለፉትም ለባለቤቶቻቸው ማሳሰቢያ ከደረሳቸው በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ካልወረዱ እንደሚሰረዙ የሚገልጽ ነበር። ኩባንያው ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አብዛኛው ሰው የቀጥታ ሥርጭትን የሚመለከተው በተላለፈባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነው አለ። ለንግድ ድርጅት ይህ የሚያስኬድ ስሌት ነው። ማንም የማያየውን ምስል ለዓመታት ማኖር ወጪ እንጂ ገቢ የለውም።

ለአብያተ ክርስቲያናት ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ አጥቢያዎቻችን በራቸውን ለመዝጋት በተገደዱ ጊዜ ቅዳሴውን፣ ማኅሌቱን፣ የሰሙነ ሕማማቱንም ሥርዓት በስልክ ካሜራ እየቀረጹ በየምእመናኑ ቤት ያደርሱ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጠቀሙት የፌስቡክን የቀጥታ ሥርጭት ነው። ከዚያም ወዲህ የዓመታዊ ክብረ በዓላት ጉባኤያት፣ የሊቃውንት ትምህርት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙራት በዚሁ መንገድ ሲተላለፉ ቆይተዋል። ማሳሰቢያውን በጊዜው ያዩ ሰዎች አውርደው አስቀምጠዋል። ማሳሰቢያው የሚደርሰው ግን ለገጹ አስተዳዳሪ ነው። አስተዳዳሪው አገር የለወጠ፣ ስልኩ የጠፋበት ወይም አገልግሎቱን ከተወ የቆየ ሰው ከሆነ መልእክቱን የሚያነበው አይኖርም፤ ቀኑ ግን አንባቢ ጠብቆ አይቆምም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፌስቡክ አለመዘጋቱ ነው። ዛሬም አለ፤ ተጠቃሚው በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ትርፉም ብዙ ነው። ስለ አንድ መድረክ «ይዘልቃል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እናደባልቃለን። አንደኛው ድርጅቱ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው በእርሱ ዘንድ ያኖርነው ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን» የሚል መልስ ተገኝቶ ሳለ ለሁለተኛው «አይቆይም» የሚል መልስ ሊገኝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ ለመመዘን የሚረዱ ነጥቦችን ያቀርባል። በተለይም በሰበካ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማኅበራት ውስጥ የመገናኛ ክፍሉን ኀላፊነት ለተሸከሙ ወንድሞችና እኅቶች የታሰበ ነው።

ትልቅነት ዋስትና ነውን?

ብዙዎቻችን መድረክ የምንመርጠው ሕዝቡ ያለበትን በማየት ነው። ይህ ለስብከት ትክክለኛ መመዘኛ ነው፤ ሰባኪ ሕዝብ ወዳለበት ይሄዳልና። ለማከማቻነት ግን የሕዝብ ብዛት ብዙም አይነግረንም። በአንድ ወቅት ዓለምን የሞሉ መድረኮች ምን እንደ ሆኑ ማየቱ ይህን ያስረዳል።

ጂኦሲቲስ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሥርቶ ማንኛውም ሰው የራሱን ገጽ በነጻ እንዲሠራ በማስቻሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ያሁ በ1999 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛው፤ በ2009 ደግሞ ዘጋው። ኦርኩት የተባለው የጉግል መድረክ በብራዚልና በሕንድ እጅግ ተወድዶ ሳለ ዐሥር ዓመት አገልግሎ በመስከረም 2014 ተዘጋ። ጉግል ፕላስ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ከጀርባው የቆመው ድርጅት በዓለም ላይ ካሉት ባለጸጎች አንዱ ነው። በ2011 ሲጀመር የፌስቡክ ተቀናቃኝ ይሆናል ተብሎ ነበር። በ2018 ድርጅቱ ሊዘጋው መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ሰዎች ወደ መድረኩ ከሚገቡባቸው ጊዜያት መካከል 90 በመቶው አምስት ሰከንድ እንኳ እንደማይሞላ ገለጸ። በሚያዝያ 2019 ተዘጋ። ገንዘብ አላጣም ነበር፤ ለባለቤቱ የማያስፈልግ የጎን ሥራ ሆኖ ተገኘ እንጂ። እንግዲህ «ባለቤቱ ሀብታም ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ይህ መድረክ ለባለቤቱ ዋና እንጀራው ነው ወይስ ትርፍ ሥራው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን የማይስፔስ ታሪክ ነው። ማይስፔስ በ2003 ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ ከሁሉም የሚበልጥ የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ ሆነ። በ2005 የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በተለይ ሙዚቀኞች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ዋና ስፍራ ነበር፤ አሳታሚ ያላገኘ ወጣት ዘፋኝ ሁሉ ድምፁን እዚያ ያኖር ነበር። ፌስቡክ ሲበረታ ሕዝቡ ጥሎት ሄደ፤ በ2011 በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ነገር ግን አልተዘጋም ነበርና ሰዎች «ሥራችን እዚያ አለ» ብለው ተዘልለው ተቀምጠው ነበር። በመጋቢት 2019 ድርጅቱ መረጃውን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲያዛውር በተፈጠረ ስሕተት ከሦስት ዓመት በፊት የተጫኑት ፎቶግራፎች፣ ቪዲዮዎችና የድምፅ ቅጂዎች እንደ ጠፉና መልሶ ማግኘት እንደማይቻል አስታወቀ። ከ2003 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የተጫኑ፣ በግምት 14 ሚሊዮን አርቲስቶች የሠሯቸው ከ50 ሚሊዮን በላይ ዜማዎች ማለት ነው። ኋላ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት አጥኚዎች አስቀድመው ቀድተዋቸው የነበሩ 490 ሺሕ ያህል ቅጂዎችን ለሕዝብ አቅርቧል። ከመቶው አንድ እንኳ አይሞላም።

ማይስፔስ ሲጠፋበት ያልጮኸው ለምንድን ነው? ከገቢው የሚቀንስበት ነገር ስላልነበረ ነው። የቆየ ነገር ለድርጅቱ ሸክም ነው፤ ለእኛ ደግሞ ውድነቱ በቆየ መጠን ይጨምራል። የአንድ የቅኔ መምህር ድምፅ በተቀረጸበት ሳምንት ሠላሳ ሰው ያዳምጠው ይሆናል፤ መምህሩ ካረፉ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የዜማውን ስልት ለማረም የሚፈልግ ተማሪ ሌላ ምንጭ ላያገኝ ይችላል። የመድረኮቹ ሚዛንና የቤተ ክርስቲያን ሚዛን የሚለያዩት በዚህ ነው።

መድረኩ ሳይዘጋ መንገዱ ሲዘጋ

በጥር 2015 ዓ.ም ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመውን ሢመተ ኤጲስ ቆጶሳት ተከትሎ ቤተ ክርስቲያናችን የገባችበትን ፈተና አንባቢ ያስታውሳል። ምእመናን የቅዱስ ሲኖዶስን መግለጫ በየሰዓቱ በሚጠባበቁበት በዚያ ሰሞን፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ውስጥ ታገዱ። እገዳው የቆየው ለጥቂት ቀናት አልነበረም፤ እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ገደማ ዘልቋል። ቪፒኤን የሚባለውን ማለፊያ መጠቀም የሚያውቅ ሰው ይገባ ነበር፤ የማያውቁት ብዙ እናቶችና አባቶች ግን መረጃ የሚያገኙት ከሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ከዐውደ ምሕረትና ከሰው አፍ ነበር። ከእነዚህ መድረኮች አንዱም በዚያን ጊዜ አልከሰረም፣ አልተዘጋም። ችግሩ የመንገዱ ነበር።

ሕንድ በሰኔ 2020 ቲክቶክን ስታግድ በአገሪቱ 200 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች እንደ ነበሩት ይገመታል። ጉዳዩ ከቻይና ጋር በተፈጠረው የድንበር ግጭት ሰሞን የተወሰነ የመንግሥታት ጉዳይ ነበር፤ በመድረኩ ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱት ሕንዳውያን አንድም የሚናገሩበት ዕድል አላገኙም። በአሜሪካም ይኸው መድረክ በወጣበት ሕግ ምክንያት በጥር 2025 ለግማሽ ቀን ያህል ጠፍቶ ተመልሷል። ስለዚህ አንድን መድረክ ስንመዝን ባለቤቱ የየት አገር ነው፣ ሰርቨሩ በየትኛው ሕግ ሥር ነው፣ የእኛ ምእመናን ደግሞ በየትኛው አገር ሆነው ይመለከቱታል ብለን ማሰብ ይገባናል። በዋሽንግተን ያለ አጥቢያ፣ በዱባይ ያለ ጉባኤና በደሴ ያለ ሰንበት ትምህርት ቤት መልሳቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምሳሌ በበይነ መረብ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ እንኳ በአንዳንዱ አገር የተገደበ ነው፤ በዚያ ላሉ እኅቶቻችን ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከመንግሥት ውሳኔ ውጭም የአንድ ባለቤት ስሕተት ብዙ መንገዶችን በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል። በመስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ምክንያቱ በድርጅቱ የውስጥ መስመር ላይ የተደረገ የተሳሳተ ማስተካከያ ነው። በፌስቡክ ገጽና በዋትስአፕ ቡድን ሁለት መንገድ ያለው የሚመስለው አጥቢያ፣ ሁለቱም የአንድ ድርጅት መሆናቸውን ያወቀው በዚያ ምሽት ነው።

ከየት ይበላል? ማንስ ይወስናል?

ማንኛውም ነጻ አገልግሎት ወጪውን የሚሸፍንለት አለ። ዩቲዩብ በማስታወቂያ ይተዳደራል፤ በ2023 ብቻ ከማስታወቂያ ያገኘው ገቢ ከ31 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከባለቤቱ ከጉግል ዋና ሥራ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ እንደ ጉግል ፕላስ በአንድ ማለዳ ይዘጋል ብሎ መስጋት አይገባም። በእኔ ግምት በዛሬው ጊዜ ከታወቁት መድረኮች ለረጅም ቪዲዮ ከዩቲዩብ የተሻለ ጽኑ መሠረት ያለው የለም። ይህ ግን ስለ መድረኩ እንጂ በላዩ ላይ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ቻናል የተነገረ አይደለም።

ቴሌግራም ሌላ ዓይነት ነው። በአገራችን ስብከትና መዝሙር፣ የመጻሕፍት ቅጂም ጭምር እንደ ልብ የሚሠራጭበት መድረክ እርሱ ነው። ትልልቅ ፋይሎችን ያለ ክፍያ ያስቀምጣል፤ በደካማ ኢንተርኔትም ይሠራል። በ2013 ሲመሠረት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ወጪውን ይሸፍን የነበረው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ፓቬል ዱሮቭ ከራሱ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያና በክፍያ የሚገኝ አገልግሎት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ትርፋማ መሆኑን ያስታወቀውም በ2024 ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዱሮቭ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረንሳይ ፖሊስ ሲያዝ፣ በመድረኩ የሚገለገሉ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የአንድን ሰው ዕጣ ይከታተሉ ጀመር። ስለ ክሱ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። የሚመዘነው ጉዳይ ብዙ ነገር በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ትዊተርም ያሳየን ይህንኑ ነው። በጥቅምት 2022 ኢሎን መስክ በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ወደ 7,500 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተሰናበቱ። በየካቲት 2023 ሌሎች ፕሮግራሞች ከመድረኩ መረጃ በነጻ እንዲወስዱ ይፈቅድ የነበረው በር እንደሚዘጋ ተገለጸ፤ በሐምሌ ስሙ ራሱ ተለወጠ። መድረኩ ዛሬም አለ። ነገር ግን ከገዢው መምጣት በፊት በነበረው ደንብ ላይ ተማምኖ ሥራውን ያቀደ ሰው ዕቅዱን እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

አዲስ መድረክ ሲመጣ የሚፈጠረውን ግለትም መጠርጠር ይገባል። ክላብሃውስ የተባለው የድምፅ መወያያ በ2013 ዓ.ም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ምን ያህል ተወድዶ እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ የሃይማኖት ውይይትና ትምህርት ይደረግበት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2023፣ ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ የሆኑትን አሰናበተ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መድረኩ ንግግሩን አያስቀምጥም ነበርና ሰው በስልኩ ካልቀረጸው በቀር የተባለው ሁሉ ከሌሊቱ ጋር አልፏል። ከዚያ ቀደም በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይሰባሰቡበት በነበረው በፓልቶክም እንዲሁ ነበር።

ሃያ ዓመት የኖረ መድረክ ትናንት ከመጣው ይልቅ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ከዕድሜው በላይ የሚመረመረው ግን የመውጫው በር ነው። ያኖርነውን ሁሉ፣ ከነቀኑና ከነርእሱ፣ በአንድ ጊዜ ይዘን መውጣት እንችላለን? ጉግል ቴክአውት በሚባለው አገልግሎቱ ዩቲዩብ ላይ የጫንናቸውን ቪዲዮዎች ለማውረድ ይፈቅዳል። ፌስቡክም የገጽን መረጃ የማውረጃ ስፍራ አለው። ቴሌግራም በኮምፒውተር በሚጫነው መተግበሪያው የአንድን ቻናል ይዘት በሙሉ ለማውጣት ያስችላል። ይህን የማይፈቅድ መድረክ ቢገኝ የቱንም ያህል ቢያምር ለስብከት እንጂ ለመዝገብ አይሆንም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እስካሁን ያየናቸው አደጋዎች ሁሉ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። አጥቢያዎችን ደጋግሞ የሚያገኛቸው ግን ከውስጥ የሚነሣው ነው፤ ስለ እርሱም ብዙ አይጻፍም።

ነገሩ የሚጀምረው በቅንነት ነው። አንድ ትጉህ ወጣት በራሱ ስልክ ቁጥር፣ በራሱ የኢሜይል አድራሻ የደብሩን ገጽ ይከፍታል። ተከታዩ ይበዛል፤ የዓመታት ሥራ ይከማቻል። ከዚያ ወጣቱ ለትምህርት ይሄዳል፣ ወይም ያገባና ሌላ ከተማ ይገባል፣ ወይም በሰበካ ጉባኤው ውስጥ በተፈጠረ አለመግባባት ይቀየማል። የይለፍ ቃሉን ሌላ የሚያውቅ የለም። ገጹ በደብሩ ስም ይጠራል እንጂ በመድረኩ ሕግ ባለቤቱ ያ ሰው ነው። አንዳንድ ጊዜም ገጹ በአጭበርባሪዎች እጅ ይወድቅና በታቦቱ ስም ገንዘብ ይለመንበታል። ድርጅቶቹ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አቤቱታ ሰምተው የሚፈርዱበት ጽሕፈት ቤት በአቅራቢያችን የላቸውም፤ ባለቤትነትን በማኅተም ደብዳቤ ማስረዳትም ቀላል አይደለም።

በዚህ ላይ የቦዘነ አካውንት ራሱ አደጋ ነው። የቴሌግራም አካውንት ለተወሰኑ ወራት ካልተገባበት በራሱ ይሰረዛል። ጉግል ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተሠራባቸውን የግለሰብ አካውንቶች ከነኢሜይላቸውና ከነፋይላቸው የመሰረዝ ደንብ አለው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት የስልክ ቁጥርም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ በዚያ ቁጥር የተከፈተ አካውንት የመግቢያ መልእክት ወደ ማን እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። በዩቲዩብ በኩል ደግሞ የሌላ ሰው መዝሙር ወይም ቪዲዮ ያለ ፈቃድ በመጠቀም በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል እስከ መዘጋት ይደርሳል። ከጉባኤ በፊት ለማሟሟቂያ የሚለቀቅ መዝሙር የዓመታትን ትምህርት ይዞ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

መድኀኒቱ የቴክኒክ ሳይሆን የአስተዳደር ነው። ገጹ በደብሩ ስም በተከፈተ ኢሜይልና በደብሩ ስም በወጣ ስልክ ቁጥር ይመዝገብ። አስተዳዳሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ የሰበካ ጉባኤው አባል ይሁን። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከደብሩ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። አገልጋይ ሲለወጥ የንዋያተ ቅድሳት ርክክብ በቃለ ጉባኤ እንደሚደረገው ሁሉ የገጹም ርክክብ ይደረግ። ይህን ለማድረግ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጉዳዩን በስብሰባ አጀንዳ ላይ ማስያዝ ነው።

ዐውደ ምሕረትና ዕቃ ቤት

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዐውደ ምሕረትና ዕቃ ቤት የተለያዩ ናቸው። ትምህርት በዐውደ ምሕረት ይሰጣል፤ መጽሐፉ ግን እዚያ አያድርም። ማኅበራዊ መገናኛዎችን በዐውደ ምሕረትነት መጠቀም ተገቢ ነው። ስሕተቱ እንደ ዕቃ ቤትም መቁጠር ነው።

አባቶቻችን ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። አንድ ገዳም ያለውን መጽሐፍ ሌላው ገዳም ያስገለብጥ ነበርና አንዱ በእሳት ወይም በወረራ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። በዘመናችንም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ፈቃድና ትብብር በየአድባራቱና በየገዳማቱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ነበር። ከ8 ሺሕ በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን ቅጂዎች ዝርዝር በማዘጋጀት ዘመናቸውን ሰጥተዋል። ያ ሥራ ሲጀመር ኢንተርኔት አልነበረም፤ ማይክሮፊልሙም ዛሬ የተተወ ቴክኖሎጂ ነው። ቅጂዎቹ ግን ወደ ዲጂታል ተለውጠው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይገለገሉባቸዋል። ለዚህ ያበቋቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሁለት ቦታ መኖራቸውና እያንዳንዱ ቅጂ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ሆነ በዝርዝር መመዝገቡ።

ለአንድ አጥቢያ ይህን በአነስተኛ መጠን ማድረግ አይከብድም። ዋናው ቅጂ ወደ መድረኩ ከመጫኑ በፊት በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ መድረኮች ቪዲዮውን ጨምቀው ጥራቱን ስለሚቀንሱት ከዚያ መልሶ ማውረድ ዋናውን አያስገኝም። ሁለተኛው ዲስክ ከግቢው ውጭ በሌላ ስፍራ ይኑር። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች በሌባና በእሳት ፊት እንደ አንድ ናቸው። ወጪውን ለሚፈራ ሰው ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ በመጠነኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ስብከት በድምፅ ብቻ 30 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቢቀረጽ የዓመቱ ድምር ከ1.6 ጊጋባይት አይበልጥም። የአንድ ቴራባይት ዲስክ ከ30 ሺሕ ሰዓት በላይ ድምፅ ይችላል፤ አንድ ደብር በብዙ ትውልድ የማይሞላው ነው። ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ስለሚይዝ ሁሉን ማኖር ካልተቻለ የሁሉንም ድምፅ፣ የተመረጡትን ደግሞ በምስል ማስቀረት ይበጃል።

ዲስክም ይበላሻል። ሳይከፈት ለዓመታት የተቀመጠ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሊታመን አይገባም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በጳጉሜን፣ ሁለቱም ተከፍተው ከተለያየ ዓመት ጥቂት ፋይሎች ቢደመጡ ጉድለቱ ሳይዘገይ ይታወቃል፤ በየአምስት ዓመቱም ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ ነው። የደብሩ የራሱ ድረ ገጽ መኖሩ መልካም ሲሆን የስሙ ኪራይ በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑ አይዘንጋ፤ ከፋዩ አንድ በጎ አድራጊ ከሆነ የቁልፉ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ለሕዝብ ክፍት ሊሆን የሚችለውን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ መጫን ሦስተኛ ቅጂ ያስገኛል፤ እርሱም በጥቅምት 2024 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ስለ ነበር ብቸኛ መተማመኛ አይሁን።

የፋይሉ ስም ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካሜራው በሰጠው ቁጥር የተቀመጠ ፋይል ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደ ተናገረው፣ የት እንደ ተናገረው የሚያውቅ አይገኝም። ቀኑ፣ የመምህሩ ሙሉ ስም፣ የደብሩ ስምና የትምህርቱ ርእስ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፤ ዝርዝሩም በወረቀት ታትሞ ከዲስኩ ጋር ይቀመጥ።

ዛሬ በየገጻችን ካለው መካከል መጀመሪያ መውረድ ያለበት በሞት የተለዩን መምህራን ድምፅና ምስል ነው፤ የሌላው ዳግመኛ ሊቀረጽ ይችላል። ማውረጃውን ስናዝ መድረኩ ፋይሉን አዘጋጅቶ አድራሻውን በኢሜይል ይልካል፤ ትልቅ ቻናል ከሆነ ዝግጅቱ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይወስዳል። የጉግል የማውረጃ አድራሻ አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ጥያቄው የሚቀርበው ፈጣን ኢንተርኔትና ባዶ ዲስክ አስቀድሞ ከተዘጋጀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።